ለክብርዎ ሲባል የቀረበ ጥያቄ

እናላችሁ፣ ባለፈው ሰሞን አንዲት ጠባብ ማኪያቶ ቤት ውስጥ እንደ ልማዳችን ተሰብስበን ተቀምጠናል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የአንድ ምክር ቤት ጉባኤ ያሳያል። ባለቤቱ ኳሱ እስኪጀምር ብሎ የተወው ነው እንጂ የሚያየው ሰው የለም። እኛ ግን አየነው። ማየት ብቻ ሳይሆን ተወራረድንበት። ጠያቂው «ሆኖም ግን» እስኪል ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? «በትኩረት እየተሠራበት ነው» የሚለው መልስስ ስንት ጊዜ ይደገማል? የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል።

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ተመራጩ እጁን ያወጣል። ለተሰጠው ዕድል ያመሰግናል። ለቀረበው ሪፖርት ያመሰግናል። ሪፖርቱ የሕዝቡን ፍላጎት መሠረት ያደረገ መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ «ሆኖም ግን» ትመጣለች። ውኃ የምትመጣው በሳምንት አንድ ሌሊት ነው፣ መንገዱ ተቆፍሮ ክረምት ገባበት፣ ለአንዲት ማኅተም ሦስት ቀን ይኬዳል። ይኼ ሁሉ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሰውየው ከአየር ላይ አላመጣውም። ግን መጨረሻው «በዚህ ረገድ ምን እየተሠራ እንደሆነ ቢብራራልን» ነው። ይብራራል። ችግሩ መኖሩ ይታወቃል፣ አቅጣጫ ተቀምጧል፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምላሽ ያገኛል። ጠያቂው ረክቷል ወይስ አልረካም? የሚጠይቀው የለም። ማይኩ ወደ ቀጣዩ ተመራጭ ዞሯል።

ከመካከላችን ታሪክ ያጠናች አንዲት ጓደኛችን ሳቀችና «ይኼ እኮ አዲስ አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ በደመወዝ ይሠራ ነበር» አለች። እየቀለደች መሰለን። እየቀለደች አልነበረም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር ነበረ፤ ዘመኑ የዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ነው። ብሩስ የጻፈውን ያነበበ ሰው ግቢው ደጃፍ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ይሰማ የነበረውን ጩኸት አይረሳውም። የተበደለ ሁሉ ከአራቱም ማዕዘን መጥቶ በየቋንቋው «ጃን ሆይ!» እያለ ፍትሕ ይለምናል። ንጉሡ ይህን ጩኸት መስማት ግዴታው ነው፤ የደግ ንጉሥ ምልክትም ነው። ችግሩ ክረምት ሲገባ ነው። መንገድ ይበላሻል፣ ባለጉዳይ ይቀንሳል፣ ግቢው ጭር ይላል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ብሩስ እንደሚለው ቀለብና ክፍያ የሚሰጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸው እንደ ተበደለ ሰው መጮህና ማልቀስ ብቻ ነው። ለምን ቢባሉ መልሳቸው ለንጉሡ ክብር ነው፤ ግቢው ዝም ብሎ ጃንሆይ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው። አንዳንዴ ብሩስ ክፍሉ ውስጥ ሥራ ላይ ሳለ እሱም ደጅ ላይ ይጮሁበታል። ደንግጦ ወጥቶ ምን ሆናችሁ ሲል፣ ምንም አልሆንም፣ እርስዎን ለማክበር ነው ይሉታል።

እኛ ይህን ሰምተን ስንስቅ ኳሱ ጀመረ፤ ባለቤቱም ጣቢያውን ቀየረው። ነገሩ ግን ከጭንቅላታችን አልወጣም። ምክንያቱም አገር ገዢን የመጠየቅ ታሪካችንን ባገላበጥን ቁጥር ሁለት ዓይነት ጥያቄ እናገኛለን። አንዱ የተበደለው ሰው ጥያቄ ነው። ሌላው ጌታው ብቻውን እንዳይሆን የሚቀርብለት ነው። ከሩቅ ሲሰሙ ድምፃቸው አንድ ነው።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ የዋዛ ቋንቋ አይደለም። «ጠየቀ» ስንል ጥያቄ አቀረበ ማለታችን ነው። የታመመ ሲጠየቅ ደግሞ ብርቱካን ተይዞ ይኬዳል። እስረኛም ይጠየቃል፤ ስንቅ ተቋጥሮ። «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው፤ ኃላፊነት ያለበት ሰው ማለት የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። (ይቺን «እስረኛ መጠየቅ» የምትለዋን ያዙልን፤ ወደ ታች እንመለስባታለን።)

ጥያቄ ከታች ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። እንዲያውም አያቶቻችን በደንብ የሚያውቁት ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባለውን ታስታውሳላችሁ? አገር ውስጥ ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ ወንጀለኛው ሲጠፋ ነዋሪው በሙሉ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። የመጣው ደግሞ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ከዚያ ንቅንቅ አይልም፤ እህሉ ማሳ ላይ ቢረግፍም። ካልተገኘ ካሣውን አገር በጋራ ይከፍላል። በጊዜው ፖሊስና መርማሪ በሌለበት አገር ሥራውን ይሠራ ነበር፤ መናቅ የለበትም። ግን አቅጣጫውን አስተውሉ። ሹሙ ጠያቂ፣ አገሩ በሙሉ ተጠያቂ። ሹሙን ሰብስቦ «ግብሩ የት ገባ?» የሚል አፈርሳታ አልነበረንም። ለሹም በደል የነበረው መንገድ አቤቱታ ነው፤ ሹሙን ዘልሎ ወደ ሹሙ ጌታ መጮህ።

አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ያገኘችው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ ቀድሞ በጎንደር የነበረ ነው። ሹመቱ የንጉሡ ስለሆነ ጠያቂውም ንጉሡ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ አዲስ አበባንና ጎንደርን በከንቲባ የሚመሩ አደረጋቸው። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባ ቻርተር ተጻፈላት። በወረቀት ደረጃ ምክር ቤት አለ፤ ከየወረዳው የተመረጡ አማካሪዎች አሉ። ግን መራጭ ለመሆን በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልጋል። ባለቤት ያልሆነ አይመርጥም።

አሁን የዚያን ዘመን ከተማ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው። የጭቃ ቤት ውስጥ፣ የጋራ ሽንት ቤት ይዞ፣ ቦኖ ውኃ እየተሰለፈ የሚኖር። ስለ ቦኖው ማን ይጠይቅለት? የሚጠይቅለት አከራዩ ነው! አከራዩ ደግሞ ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለው። ለዚህ ነው የድሀው ጥያቄ ምክር ቤት ሳይሆን መንገድ ዳር የነበረው። ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ ማመልከቻውን አጥፎ ይዞ ይጠብቃል፤ መኪናው ዝግ ሲል ይንደረደራል። ዕድል ከቀናው ወረቀቱ ይወሰድለታል፤ ጉዳዩ ዙፋን ችሎት ሊደርስም ይችላል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ያ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ ማዘጋጃ ቤት በ1950ዎቹ ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ሲቆም፣ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ነበረው፤ ተከራዩ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የመረጠው ሰው አልነበረውም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው። ስለ ቤቶቹ ብዙ ተብሏል፤ ወላጆቻችንም በዚህ ጉዳይ ሁለት ናቸው፤ የተወረሰባቸውና የደረሳቸው። እኛን የሚመለከተን ግን ሌላ ክፍሉ ነው። ይኸው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበርን ወለደ፤ በአጭሩ ቀበሌን። እስከ 100 ብር የሚከራይ ቤት ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌው ነው። የኪራይ ዋጋም ተቀነሰ። ምርጫው ተገለበጠ። ትናንት ንብረት የሌለው አይመርጥም ነበር፤ አሁን ቤትና ቦታ የተወሰደበት ሰው ለአንድ ዓመት ከመምረጥም ከመመረጥም ታገደ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ከተማ ታሪክ ሰፈር ሰፈሩን የመረጠበትና የሰፈሩን ገንዘብ በእጁ የያዘበት ጊዜ ቢኖር ይኼ ጅማሬ ነው። የሚያፈስ ጣራ ያለው ሰው ለማን እንደሚናገር ያውቃል፤ ሊቀመንበሩ ጎረቤቱ ነው። ሽንት ቤቱ የሚቆፈርበት፣ ድልድይዋ የምትሠራበት ብር እዚያው ነው። ከአዲስ አበባ 280 በላይ ቀበሌዎች ውስጥ ስንቱ በዚያ መንገድ ዘልቆ ሊሄድ ይችል እንደነበር ማሰብ ያስቆጫል። አልቆየማ። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ለቀበሌዎች የጥበቃ ሥልጣን ጨመረላቸው፤ አብዮት ጥበቃ ታጠቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ያ ሊቀመንበር፣ ያ ጎረቤት፣ ማታ በር አንኳኩቶ ልጅህ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሆነ። አፈርሳታ ክላሽንኮቭ ይዞ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ድረስ እናቶቻችን «ቀበሌ ትፈለጊያለሽ» ሲባሉ ደረታቸውን የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ቀጥሎ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ቃላቱን እዩአቸውማ። «ተጠሪ» የሚጠራ ነው፤ «ተጠያቂ» የሚጠየቅ። ከንቲባ ሆኖ ከላይ የሚጠራህና ከታች የሚጠይቅህ ባንድ ጊዜ ቢመጡብህ ወደ የትኛው ትሮጣለህ? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛም ብንሆን ወደዚያው ነው የምንሮጠው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን የመራት በአርከበ ዕቁባይ የሚመራ ጊዜያዊ አስተዳደር ነበር። በምርጫ አልመጣም። እና የሚገርመው ነገር ሠራ! መንገድ ተከፈተ፣ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ተጀመረ፣ አሥር ክፍለ ከተሞች ተዋቀሩ። እስከ አሁን «የአርከበ ጊዜ» ብሎ የሚናፍቅ ሰው ታክሲ ውስጥ አይጠፋም። እና «ምን ያደርጋል ምክር ቤት፣ የሚሠራ ሰው ይምጣ እንጂ» የሚለው ክርክር ከዚያ ይነሳል። እኛም በመካከላችን ተከራክረንበታል፤ አንዳችን እስከ ዛሬ አቋሙን አልለወጠም። ግን ይኸው የተሠራለት ሕዝብ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ካርዱን ይዞ ሲወጣ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ለኢሕአዴግ የተረፈው አንድ ነው። አስፋልት አልጠላም፤ አስፋልቱ የት እንደሚያልፍ የሚጠይቅለት ሰው ፈለገ እንጂ።

ከዚያ የሆነውን የእኛ ዕድሜ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። አዲሱ ፓርላማ ሥራ ሳይጀምር፣ የሚሰናበተው ፓርላማ ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ ያስፈልጋል አለ። ቀስ ብላችሁ አስቡት። ጥቂቶች ሆነው የገቡ ሰዎች መጠየቅ የሚችሉት ብዙዎቹ ሲፈቅዱላቸው ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባው ምክር ቤት ግን እዚህም አልደረሰም። አልተሰየመም። ለከንቲባነት የታጩት ብርሃኑ ነጋ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። ከንቲባውንና ካቢኔውን እንዲጠይቁልን ከመረጥናቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹን ቃሊቲ ሄደን እኛ ጠየቅናቸው። ያዙልን ያልናችሁ ቃል ይቺ ናት። በዚያ ሰሞን ከተማው «ተመራጮቻችንን ልንጠይቅ ነው» ሲል ስንቅ ቋጥሮ ነበር። መሪዎቹ በይቅርታ የተፈቱት በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው።

ከተማዋን በግንቦት 1998 ዓ.ም. በብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተረከባት። ቁጥሩን ደምሩት፤ ከ1995 እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጠይቅ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበራትም።

የሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጠያቂ ጠፋ ያለ ካለ ጠያቂ ይኸው፣ በገፍ! የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደረገ። በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው መቀመጫ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ወጡ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰዱ። ሰፈራችን ውስጥ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው መፈለግ ቀላል ሆነ ብንል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አይደለም። ሦስት መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ገብቶ በየተራው ስለ ውኃ ሲናገር ይመሻል። መሸ ማለት ደግሞ ስብሰባው ተሳክቶ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ሹማምንቱ ጭራሽ አይጠየቁም ነበር ማለታችን ግን አይደለም። ይጠየቁ ነበር፤ ያውም ላብ በላብ እስኪሆኑ። ግን ቦታው ምክር ቤት ሳይሆን ግምገማ ነው። በዝግ፣ በፓርቲው ቤት ውስጥ። ምክር ቤት ላይ «በትኩረት እየተሠራ ነው» ብሎ ፈገግ ያለው ኃላፊ ግምገማ ሲገባ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ግምገማ ላይ ሥልጣኑን ሊያጣ ይችላል። ምክር ቤት ላይ የሚያጣው ነገር የለም። ጠያቂውም ራሱ ወንበሩን ያገኘው ከዚያው ቤት ስለሆነ፣ አጥብቆ ቢጠይቅ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ቻርተሩ ተሻሻለና ከምክር ቤቱ አባላት ውጭ የሆነ ሰው ከተማዋን መምራት እንዲችል ተደረገ፤ ታከለ ኡማ በምክትል ከንቲባነት የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ብልጽግና 138ቱንም የምክር ቤት ወንበሮች አሸነፈ። 137 ለአንድ የነበረው 138 ለዜሮ ሆነ። ይኼን ጊዜ እንኳ ከአዳራሹ ጥያቄ አልጠፋም። በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ እኛም ማኪያቶ እንወራረድበታለን።

ለንጽጽር ያህል አንድ ሌላ ስብሰባ እናንሳ። የአንዳችን አባት የእድር አባል ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ልጃቸው እሳቸውን ለማድረስ ሄዶ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ገንዘብ ያዡ የዓመቱን ሒሳብ አነበቡ። ገና ሳይጨርሱ አንዲት አሮጊት ተነሡ። ምስጋና የለ፣ ሪፖርቱን ማድነቅ የለ። «ድንኳኑ ተጠገነ ያላችሁት መቼ ነው? ባለፈው የእትዬ እገሊት ለቅሶ ላይ ዝናቡ አናታችን ላይ ነበር» አሉ። ደረሰኝ ይምጣ ተባለ። ደረሰኙ መጣ፤ ከተነበበው ጋር አልገጠመም። ገንዘብ ያዡ ተንተባተቡ። ዳኛው «እትዬ፣ ይብቃዎት፣ እንነጋገርበታለን» ቢሉ አሮጊቷ አልተቀመጡም። በመጨረሻ ሦስት ሰው ተመርጦ ሒሳቡን እንዲያይ ሆነ፤ በቀጣዩ ወር ሌላ ገንዘብ ያዥ ተተካ። ተሰናባቹ ሰውዬም ለቅሶ ሲመጣ አሁንም ወንበር ይደረድራሉ። እድር ገነት ነው አላልንም፤ ስንት እድር በገንዘብ ተጣልቶ ተበትኗል። ግን አሮጊቷ የሚያወጡት ወርሃዊ መዋጮ ነው፣ የሚጠይቁትን ሰው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው፣ ማንሣትም ይችላሉ። የሰውየው ግንባር ላይ ላብ የነበረው ለዚህ ነው። ማኪያቶ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ያልታየን ነገር ይኼ ላብ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስንጀምር አንዱ «ቆይ፣ የእኛ ተመራጮች እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ስድስት ሆነን አንድ ስም እንኳ ጠፋን። ስለ ጎንደር አልቃሾች ሁለት ሰዓት ያወራን ሰዎች ነን እንግዲህ። አፍረን በማግስቱ ሁለታችን ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ «ይቅርታ፣ በምክር ቤት የሚወክለን ሰው ማን እንደሆነ ልንጠይቅ ነበር» አልናት።

ቀና ብላ አየችን። «ለምን ፈለጋችሁት?»

«እንዲሁ፣ ለማወቅ።»

ከኋላዋ ወደ ተቀመጠው ሰውዬ ዞር አለች። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣና ወደ መስኮቱ መጣ።

«ከየት ነው የመጣችሁት? ማን ላካችሁ? ፋይዳ ይዛችኋል?»